በአንድ መሪ ላይ ሁለት እጅ

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 12 ቀን 2009 ለምዕራባውያን ፋሲካ፣ ለእኛ ደግሞ ሆሳዕና ነበር። በዚያ እሑድ ፍሎሪዳ ውስጥ ማርኮ አይላንድ ከሚባል ቦታ አንዲት ባለ ሁለት ሞተር ኪንግ ኤር ተነሣች። የተሳፈሩት አንድ የሉዊዚያና ሰው፣ ሚስቱና ሁለት ሴት ልጆቹ ነበሩ። አውሮፕላኗ ገና ከፍታ እየጨመረች ሳለ አብራሪው ወንበሩ ላይ እንዳለ ሞተ። አባትየው ከጎኑ ተቀምጦ ነበር። ትንሽ ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን የማብረር ፈቃድ ነበረው እንጂ ኪንግ ኤር አብርሮ አያውቅም። በራዲዮ እርዳታ ጠየቀ። የማያሚ ተቆጣጣሪዎች ተቀበሉት፤ ቀጥሎም የፎርት ማየርስ ተቆጣጣሪዎች። ከተቆጣጣሪዎቹ አንዱ ይህን ዓይነት አውሮፕላን የሚያውቅ ወዳጅ ስለነበረው ኮነቲከት ድረስ ስልክ ደወለለት። ወዳጅየው በስልክ የሚናገረው በራዲዮ እየተደገመ፣ አባትየውም የሰማውን በእጁ እየፈጸመ፣ አውሮፕላኗ ፎርት ማየርስ በሰላም አረፈች።

የዚያን ቀን የራዲዮ ንግግር ተቀድቶ ለሕዝብ ተሰምቷል። መካከል ላይ ሰውየውን፣ የምታበርረው አንተ ነህ ወይስ አውቶፓይለቱ ነው ብለው ይጠይቁታል። እርሱም እኔና ጌታ ነን በእጃችን የምናበርራት የሚል መልስ ይሰጣል። ብዙ ሰው ይህን እንደ ደግ የእምነት ቃል ሰምቶ አልፎታል። እኔ ግን ማለፍ አልቻልሁም። ሰውየው የተናገረውን በእውነት የተናገረው ከሆነ ትልቅ ጥያቄ ያመጣል። አንድ መሪ በሁለት እጅ እንዴት ይያዛል? የሚያበርረው ሰውየው ከሆነ ጌታ ምን እየሠራ ነው? ጌታ ከሆነስ ኮነቲከት ድረስ ስልክ መደወል ለምን አስፈለገ?

ያደግሁት ጎጃም ውስጥ ነው፣ ቆሎ ተማሪ ሆኜ። መምህራችን ስለ ነጻ ፈቃድ ሲያስተምሩ መጽሐፈ ሲራክን ያነሡ ነበር፤ እሳቱም ውኃውም በሰው ፊት መቅረቡን፣ እጁን ወደየትኛው እንደሚዘረጋ የሚመርጠውም ራሱ ሰውየው መሆኑን። በሌላ ቀን ደግሞ ስለ መግቦት ያስተምሩናል፤ ያለ እግዚአብሔር ፈቃድ አንዲት ድንቢጥ እንኳ ምድር ላይ እንደማትወድቅ። አንድ ደፋር ተማሪ፣ ታዲያ ድንቢጧ የወደቀችው በወረወርንባት ድንጋይ ነው ወይስ በፈቃዱ ነው ብሎ ጠየቃቸው። አልተቆጡትም። ሁለቱንም በቃልህ ያዝ፣ ስትበስል ይገናኙልሃል አሉት።

አብዛኞቻችን ግን ሁለቱን ይዘን አንዘልቅም፤ አንዱን መንገድ ላይ እንጥላለን። አሁን በምኖርበት በአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂንያ፣ የደም ግፊት መድኃኒቱን ትቶ «እግዚአብሔር ያውቃል» የሚል ወገን አለ። ሁለት ፈረቃ እየሠራ፣ የልጆቹን ትምህርት፣ የቤቱን ብድር፣ አገር ቤት ያሉትን የወንድሞቹን ጉዳይ ሁሉ በራሱ ላይ ጭኖ፣ አንዲት ሰዓት ቢያርፍ ሁሉ የሚፈርስበት የሚመስለው ወገንም አለ። የመጀመሪያው መሪውን ለቆታል፤ ሁለተኛው አንቆ ይዞታል። ተቃራኒ ይመስላሉ እንጂ የሚያምኑት አንድ ነገር ነው፤ መሪ የሚይዘው አንድ ብቻ ነው፣ ወይ እርሱ ወይ እኔ። ይህ እምነት ስሕተት ነው ብዬ አስባለሁ። ስሕተትነቱንም ከመጽሐፍ ይልቅ ያየሁት አራት ሰው በምትይዝ አውሮፕላን ውስጥ ነው።

የወንድሜ ልጅ የግል አብራሪነት ፈቃድ አውጥታለች። እናቴ ከደብረ ማርቆስ ልትጠይቀን በመጣች ጊዜ፣ ልጅቱ አያቷን በሰማይ ላይ ላዙራት ብላ ከማናሳስ አየር ማረፊያ ሴስና 172 ተከራየች። ይህ አውሮፕላን እ.ኤ.አ. ከ1956 ጀምሮ ለገበያ የቀረበ፣ ከ44,000 በላይ የተመረተ፣ በቁጥር የሚወዳደረው የሌለ የአውሮፕላን ዓይነት ነው። ወሩ ጥቅምት ነበር፤ የቨርጂንያ ዛፎች ቀይና ቢጫ የሚለብሱበት።

ከመነሣታችን በፊት የሆነውን ሳልናገር አላልፍም። ልጅቱ የእያንዳንዳችንን ክብደት ጠይቃ ከነዳጁ ክብደት ጋር ደመረች። አራት ዐዋቂ ከሙሉ ነዳጅ ጋር ለዚህ አውሮፕላን ሊከብድ ስለሚችል ነዳጁን በልክ አደረገችው። ከዚያ ከክንፎቹ ሥር በትንሽ ብርጭቆ ነዳጅ እየቀዳች፣ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን እያነሣች፣ ውኃ እንዳልገባበት አየች። ማናሳስ በዋሽንግተን ዙሪያ 30 የባሕር ማይል በተዘረጋው ልዩ የበረራ ክልል ውስጥ ስለሚገኝ፣ የበረራ ዕቅድ አስገብታ መለያ ቁጥር መቀበል ነበረባት። ይህ ሁሉ ሲሆን እናቴ በነጠላዋ ተከናንባ ጥቂት ራቅ ብላ ውዳሴ ማርያም ትደግማለች።

«ጨረስሽ ልጄ?» አለቻት ልጅቱ ስትመለስ።

«ጨረስሁ እምዬ። አንቺስ?»

«እኔም ጨረስሁ።»

አንዳቸው የሌላይቱን ሥራ ትርፍ ነው አላሉም። አያቲቱ፣ ጸልያለሁና ነዳጁን ማየት አያስፈልግሽም አላለችም። ልጅቱም፣ ነዳጁን አይቻለሁና ጸሎቱ ይቅር አላለችም። ስንት የነገረ መለኮት ክርክር የሰማሁ ሰው፣ እንዲህ ያለ ስምምነት በጥቂት ቃል ሲፈጸም አይቼ አላውቅም።

እኔ ከፊት በቀኝ በኩል ተቀመጥሁ፤ እናቴና ባለቤቴ ከኋላ። ልጅቱ ሞተሩን ሳታስነሣ አንድ ደንብ አስተማረችኝ። መሪው ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ሦስት ጊዜ ይነገራል። ሰጪው «ያንተ ነው» ይላል፤ ተቀባዩ «የእኔ ነው» ይላል፤ ሰጪው ደግሞ «ያንተ ነው» ብሎ ያጸናዋል። ደንቡ የመጣው፣ እያንዳንዱ አብራሪ ሌላው ይዞታል ብሎ ሲያስብ ማንም ያልያዘው አውሮፕላን ሰው ስለሚገድል ነው።

የብሉ ሪጅን ተራራ ተሻግረን የሸናንዶዋ ወንዝ ከበታቻችን ሲጠማዘዝ ማየት ስንጀምር፣ «ጋሼ፣ መሪው የእርስዎ ነው» አለችኝ። የእኔ ነው አልሁ። «የእርስዎ ነው» አለችና ሁለት እጆቿን ጉልበቷ ላይ አኖረች።

መጀመሪያ የተሰማኝ የማሽኑ ክብደት አልነበረም፤ ከኋላዬ የተቀመጡት ሰዎች ናቸው። አደራ ምን እንደሆነ ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። አደራ የተቀበለ ሰው ዕቃው የእርሱ አይደለም፤ ቢጠፋ ግን የሚጠየቀው እርሱ ነው። እናቴ የእኔ አይደለችም፤ ሚስቴም የእኔ አይደለችም፤ በዚያች ሰዓት ግን ነፍሳቸው ከእጄ ጋር ተያይዟል። እንደ ማንኛውም ጀማሪ መሪውን ጨምድጄ ያዝሁ። አፍንጫው ከፍ ሲል ገፋሁት፤ ዝቅ ሲል ሳብሁት፤ ባረምሁት ቁጥር መወዛወዙ ባሰ። ልጅቱ ድምፅዋን ሳትቀይር፣ «በሁለት ጣት ብቻ ይያዙት» አለች። ያዝሁት። መወዛወዙ ቀነሰ። «አሁን ደግሞ ይልቀቁት።» ከመካከላችን ያለችውን ትንሽ የትሪም መዘውር ጥቂት አስተካከለች። ለቀቅሁት። አውሮፕላኑ ቀጥ ብሎ ሄደ።

ያን ጊዜ የሆነውን በኋላ አስረድታኛለች። ይህ አውሮፕላን ሲሠራ ጭራውና ክንፉ የተለካው ነፋስ አፍንጫውን ቢያነሣው ወይም ቢደፋው ወደተሰጠው ፍጥነት በራሱ እንዲመለስ ተደርጎ ነው። እንዳይወድቅብኝ አንቄ የያዝሁት ነገር፣ ላለመውደቅ የተሠራ ነበር። ፍጥረትም እንዲሁ በሥርዓት እንደቆመ ልጅ ሆነን ተምረናል፤ ፀሐይ እኛ ስላልተጨነቅን መውጣቷን አትተውም። እንቅልፍ የሚነሣን ጭንቀት ብዙ ጊዜ ዓለምን የምንሸከማት እኛ ነን ከሚል ሐሳብ የሚመጣ ነው።

ግን ከሁሉ የበለጠ ልቤን የያዘው ሌላ ነገር ነው። መሪውን ወደ ግራ ሳዞረው በእርሷ ፊት ያለው መሪም አብሮ ወደ ግራ ዞረ። ሁለቱ መሪዎች ከውስጥ የተያያዙ ናቸው። የእኔ መሪ ግማሹን ክንፍ፣ የእርሷ መሪ ሌላውን ግማሽ አያዝዝም። እያንዳንዱ ሙሉውን አውሮፕላን ያዝዛል። እጇ ጉልበቷ ላይ ቢሆንም መሪዋ ከእኔ ጋር ይንቀሳቀሳል፤ የማደርገውን ሁሉ ታያለች፤ ከፈለገችም በዚያችው ቅጽበት ልትይዘው ትችላለች።

ስለ ሕጉም ጠየቅኋት። በአሜሪካ የበረራ ሕግ አንቀጽ 91.3 የአውሮፕላኑ አዛዥ ለበረራው በቀጥታ ኃላፊና የመጨረሻ ወሳኝ ነው። መሪውን ለሌላ ቢሰጥም ኃላፊነቱ አብሮ አይሄድም። «አንድ ነገር ብንሆን የምጠየቀው እኔ ነኝ ጋሼ፣ እርስዎ አይደሉም» አለችኝ። ያም ሆኖ ነጻነቴ የይስሙላ አልነበረም። ወደ ግራ ሳዞር በእውነት ወደ ግራ ሄድን። ተራራ ላይ ብመራውም ወደ ተራራው ይሄድ ነበር።

ነጻ ፈቃድንና መግቦትን እስከዚያ ድረስ የማስበው እንደ ክፍፍል ነበር፤ ይህን ያህል የእግዚአብሔር፣ ይህን ያህል የሰው። እርሱ ሲጨምር እኔ የማንስ፣ እኔ ስጨምር እርሱ የሚርቅ አድርጌ። ደብረ ዳሞ የወጣ ሰው ክፍፍል እንዳልሆነ ያውቃል። 15 ሜትር ያህል ቀጥ ብሎ የቆመ ገደል ነው። አንዱን የተገመደ ጠፍር በእጅህ ጨብጠህ፣ ድንጋዩን በእግርህ እየረገጥህ ትወጣለህ፤ ሌላውን ጠፍር ወገብህ ላይ ያስሩልህና ከላይ የቆመ መነኩሴ ይስበዋል። ከደረስህ በኋላ ስንቱን ሜትር አንተ ወጣህ፣ ስንቱን መነኩሴው ሳበህ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ከመጀመሪያው ስንዝር እስከ መጨረሻው እያንዳንዷ የሁለቱም ናት። የሉዊዚያናው ሰው «እኔና ጌታ» ያለውን እንዲህ አድርጌ እረዳዋለሁ። ስልኩም፣ ተቆጣጣሪዎቹም፣ ኮነቲከት ያለው ወዳጅም ከጌታ እጅ ውጭ አልነበሩም።

ስለዚህ እጁን የለቀቀውን ወገን ዝም ብዬ ላልፈው አልችልም። ዲያብሎስ ጌታን በቤተ መቅደስ ጫፍ ላይ አቁሞ ዝለል ባለው ጊዜ የጠቀሰለት መዝሙረ ዳዊትን ነው፤ መላእክት በእጃቸው ያነሡሃል የሚለውን ተስፋ። ጌታ አልዘለለም። አባቶቻችን ይህን ፈተና የትዕቢት ፈተና ይሉታል። ያለ መድኃኒት፣ ያለ ጥንቃቄ፣ ያለ ድካም በእግዚአብሔር ላይ ራሱን የሚጥል ሰው ትሑት መስሎ ይታያል፤ ሥራው ግን ከዚያ ጫፍ ላይ መዝለል ነው።

ሌላም አደጋ አለ፣ ስሜትን እንደ ምስክር መቁጠር። «ስጸልይ ሰላም ተሰማኝ፣ ስለዚህ ፈቃዱ ነው» ሲባል ደጋግሜ ሰምቻለሁ። እ.ኤ.አ. ጁላይ 16 ቀን 1999 ማታ የፕሬዚዳንት ኬኔዲ ልጅ ጆን፣ ሚስቱንና እኅቷን አሳፍሮ ፓይፐር ሳራቶጋ በምትባል ትንሽ አውሮፕላን ወደ ማርታስ ቪንያርድ ደሴት ሲበርር ባሕር ላይ ወድቀው ሦስቱም ሞቱ። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ምክንያቱ የአቅጣጫ ስሜት መዛባት መሆኑን ደምድሟል፤ ሌሊቱ ጨለማ ነበር፣ አየሩም ጭጋግ። በውስጥ ጆሮአችን ያለው ፈሳሽ መዞር ሲጀምር ይነግረናል፤ መዞሩ በአንድ ልክ ከቀጠለ ግን ይለምደውና ዝም ይላል። አድማስ የማያይ አብራሪ ክንፉ ተጋድሞ እየወረደ ሳለ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ይመስለዋል። እ.ኤ.አ. በ1954 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ በተደረገ ጥናት የመሣሪያ በረራ ያልተማሩ 20 አብራሪዎች ዓይናቸው ከውጭ ሲጋረድባቸው ሁሉም አውሮፕላኑን መቆጣጠር አቃታቸው፣ በአማካይ በ178 ሴኮንድ። እየወደቁም ሳለ ሰላም ሊሰማ ይችላል። ለዚህ ነው ልጅቱ ከሰውነቷ ይልቅ በፊቷ ያሉትን መሣሪያዎች የምታምነው፤ እኔም የልቤን መረጋጋት ከሕጉ፣ ከትእዛዙና ከምክር በላይ የማላምነው።

እስካሁን ያልሁት ሁሉ የሚፈተንበት ቦታ ግን ከቢሾፍቱ አጠገብ ነው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ የዐቢይ ጾም ቅድስት እሑድ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ከቦሌ ወደ ናይሮቢ ተነሥቶ በ6 ደቂቃ ውስጥ ወደቀ። 157 ሰዎች ሞቱ። አንድ የተሳሳተ ጠቋሚ መሣሪያ አፍንጫው ከልክ በላይ ከፍ ብሏል ስላለ ኤምካስ የተባለው ሥርዓት አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ ታች ገፋ። ካፒቴን ያሬድ ጌታቸው ረዳታቸውን አሕመድኑር መሐመድን አብረን ወደ ላይ እንሳብ ብለው እንደጠየቁና ረዳታቸውም እሺ እንዳሉ የመጀመሪያው የምርመራ ሪፖርት መዝግቦታል። ሁለት መሪ፣ አራት እጅ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ይስባሉ። በዚያ አውሮፕላን ውስጥ ጸሎት አልነበረም የሚል ሰው ከእኔ ጋር አይነጋገር። በሆሳዕናው በረራም ቢሆን በዚያች ኮክፒት ውስጥ የሞተ ሰው ነበረ፤ ታሪኩን እንደ ተአምር ብቻ የሚያወሩት እርሱን ይረሱታል።

በ302 ለሞቱት «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» ሲባል ስሰማ ሁለት ነገር ያስቆጣኛል። አንደኛው፣ የሰውን ጥፋት በእግዚአብሔር ስም መሸፈን ነው። ከዚያ አደጋ አራት ወር ያህል ቀደም ብሎ በዚሁ ዓይነት አውሮፕላን ኢንዶኔዥያ ውስጥ 189 ሰዎች ሞተው ነበር። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2021 ቦይንግ የአሜሪካን የበረራ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ለማታለል በማሤር ተከስሶ ከ2.5 ቢልዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማማ። ያን አፍንጫ ወደ ታች የገፋው እጅ በቢሮ ውስጥ የተወሰነ የሰው እጅ ነው። መሪውን የያዘ ሰው ያጠፋውን፣ እርሱ ሰጥቶኝ ነው ብሎ ማምለጥ አይችልም።

ሁለተኛው ከዚህ ይከብዳል። ልጅቱ መሪውን ስትሰጠኝ ዓይኗን ከእኔ ላይ አላነሣችም። ወደ ተራራ ብመራው ኖሮ ትነጥቀኝ ነበር። ታዲያ እግዚአብሔር ለምን አልነጠቀም? አዛዥነቱ ከእጁ ካልወጣ፣ ኃላፊነቱም ካልወጣ፣ እርሱም ይጠየቃል ማለት ነው። ይህን ለመናገር ብዙ ጊዜ ፈርቻለሁ፤ አሁን ግን አልፈራም፣ ኢዮብ አልፈራምና። ኢዮብ ልጆቹን ቀብሮ እግዚአብሔርን ፊት ለፊት ጠየቀ፤ ፍርድ ቤት እንዲገናኙ እስኪመኝ ድረስ። ወዳጆቹ ግን ለእግዚአብሔር ጥብቅና ቆሙ፤ ለሁሉም ነገር ምክንያት ነበራቸው። በመጨረሻ የእግዚአብሔር ቁጣ የወረደው በጠበቆቹ ላይ ነው፤ ስለ እርሱ ቅን ነገር የተናገረው ኢዮብ እንደሆነ መሰከረለት፣ ወዳጆቹም የኢዮብን ጸሎት እንዲለምኑ ታዘዙ።

ለምን አልነጠቀም ለሚለው መልስ የለኝም፤ ኢዮብም አልተሰጠውም። ግን በለቅሶ ቤት «ለምን ልጄን?» ብላ የምትጮኸውን እናት፣ «ዝም በይ፣ ኃጢአት ነው» የሚሏት ሰዎች አሉ። እኔ ከእነርሱ ጋር አልቆምም። የሚሰሙኝ ከሆነ የመጽሐፈ ኢዮብን የመጨረሻ ምዕራፍ እንዲያነቡ እነግራቸዋለሁ፤ ካልሰሙኝም ከእናቲቱ አጠገብ ተቀምጬ አብሬአት እጠይቃለሁ።